የግል መዋኛ ያለው ቤት

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ንጋቷ ደወለች። ለገና ልትመጣ ነው፤ ሁለቱንም ልጆች ይዛ። ኖርዌይ ከገባች ወዲህ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። እህቴ ናት፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ግን የምሠራበት መድኃኒት ቤት መጋዘን ውስጥ ገባሁና ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ሲጠራኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

«ፍቄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለች። «እማዬ ቤት አንበቃም። ለበዓሉ ቤት ተከራዪልን። ሰፊ፣ አጥሩ ደህና የሆነ፣ የግል መዋኛ ያለው። ልጆቹ ውሃ ሲያዩ ያብዳሉ። ዘላለምም ፈቃድ አግኝቶ ከመጣ እንደ ልቡ ይዋኝ። ከቤሬሳ ወንዝ አልወጣም እያለ ስንቴ ተገርፏል?»

«እሺ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

እዚህ እንኳ በግልጽ ልጻፈው፤ በአፌ ብዬው አላውቅምና። ዘላለም የለም። ወደ ሳውዲ ሊሻገሩ ከኦቦክ ወደብ የተሳፈሩበት ጀልባ ተገልብጦ ትንሹ ወንድማችን ባሕር ውስጥ ቀርቷል። አብሮት የሄደው ቃለ አብ ተርፎ፣ መስቀል ሊገባ ሲል አዲስ አበባ ላለው ለታላቃችን ለሳምሶን ደወለለት። ሳምሶን እንዲህ አለ፦ «ለእማዬ አሁን አይነገርም፣ ደም ግፊቷ ይደፋታል። ለንጋቷም ሰው አገር ብቻዋን ሆና መርዶ በስልክ አይነገርም። ስትመጣ ባንድ ላይ እናረዳቸዋለን።» እኔም ልክ ነው አልኩ። ሁለቱም «ሳውዲ ገብቷል፣ በረሃ ነው የሚሠራው፣ ኔትወርክ የለም» ተባሉ። ያልኳቸው እኔ ነኝ። ውሸት እንዲህ እንደሚቀናኝ አላውቅም ነበር።

እማዬ ባለፈው ሳምንት ንፍሮ ቀቅላ፣ ዳቦ ደፍታ፣ ተፈናቃዮቹ መጠለያ ወስዳ አበላች። «ምን ተገኘ?» ብላት «መንገድ ለወጣ ሁሉ» አለችኝ። ለዘላለም መመለስ የተሳለችው ስለት መሆኑ ነው። አንጀቴን በላችው።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ከሥራ በፊት በማለዳ ከደላላው ከጌታሰው ጋር ቤት አየሁ። ከፋብሪካዎቹ ወዲያ አንድ ባለሀብት ያሠራው ቪላ ነው። ጌታሰው ሲናገር አየር አይስብም። «ፉል ፈርኒሽድ፣ እህቴ። ካሜራ አለው፣ ጄኔሬተር አለው፣ ገንዳው የግል ነው፣ ዓይን አያይሽም።»

ገንዳው ላይ ስስ በረዶ ተጋግሮበታል። ይሞቃል ወይ ብለው «ፀሐይ ስትወጣ» አለኝ። በኅዳር፣ በደብረ ብርሃን ውርጭ።

«ልጆቹ ይደርቁብኛል» አልኩት።

«ኖርዌይ ያደገ ልጅ ይሄን ሙቀት ነው የሚለው።»

ሳልወድ ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ጥልቀቱን ጠየቅሁት፤ ሲጠይቁ ሰምቼ ነው እንጂ ለምን እንደሚጠየቅም አላውቅም። ሱሪውን ከፍ አድርጎ ዳሩ ላይ ቆመና እጁን አንገቱ ላይ አደረገ። «እስከዚህ» አለ። ሥራ ይረፍድብኛል ብዬ ወጣሁ። ገና ብዙ ሰዓት ነበረኝ።

ኅዳር 8

ጉንፋን ከተማውን ይዞታል። ቁጭ ያልኩበት ሰዓት የለም። ንጋቷ ፎቶ ፎቶ እያለች ትነተርከኛለች። ኤልሮኢ፣ ትልቁ ልጇ፣ በድምፅ መልእክት «አጎቴ ከኔ ይበልጣል በዋና?» ብሎ ጠይቆኛል። አልመለስኩለትም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ሠፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ አቃጠለ። ከሥራ ስገባ እማዬ የራሷን ፍራሽ እሳቱ ላይ ጥላዋለች። ደህና ፍራሽ ነበር፤ ሳምሶን ነው የገዛላት።

«ቁንጫ ገብቶበታል» አለች።

«ሌላ እስኪገዛ የኔ አልጋ ላይ ተኚ።»

«ለወገቤ መሬቱ ይሻለኛል» ብላ ሰሌን አነጠፈች። በዚህ ብርድ። እርጅና እንደ ሕፃን ያደርጋል ይላሉ፤ ተከራክሬ አልቻልኳትም። ለሳምሶን ነግሬው ፍራሽ ይዤ እመጣለሁ ብሏል።

ደስ ያለኝ አንድ ነገር ነው። ስለ ዘላለም መጠየቅ ትታለች። መጀመሪያ ሰሞን «ደወለ?» ሳትለኝ አላድርም ነበር፣ እኔም በየቀኑ እዋሻት ነበር። አሁን አትጠይቅም። መርሳቱ ለሷም ለኔም እረፍት ነው። ይሄን ስጽፍ ራሴን ታዘብኩት፤ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ለጽዮን በዓል ሹሩባ ልሥራሽ አልኳት እማዬን። እምቢ አለች። «በዚህ ብርድ ራሴን አልገልጥም።» ሻሿን ድሮም አታወልቅም ነበር እንዴ? ፀጉሯ ላይ እኮ ኩሩ ነበረች፣ ለበዓል ሳትሠራ ውላ አታውቅም። አኮረፍኩ። ጎረቤታችን ዘርትሁን ቅቤ ልትዋስ መጥታ «እትዬ አመተ ማርያም፣ እንዴት ነሽ? ፍቅርተስ? ሳምሶንስ? ንጋቷና ልጆቿስ? ላሟስ?» ብላ ሁሉን አዳረሰችና ዝም አለች። እማዬ ትንሽ ጠበቀቻት። ከዚያ «ሁሉም ደህና» ብላ ልታመጣላት ተነሳች። ለምን ቅቤ በጾም እንደፈለገች እንኳ አልጠየቀቻትም።

ዘርትሁን ጭምት ናት፣ ምስጢር ትይዛለች። መርዶውን የማያውቅ የለም፤ የሠፈሩ ሰው ሁሉ እግዜር ይስጠው፣ ከአንዱም አፍ አላፈተለከም።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ሳምሶን ፍራሹን ይዞ መጣ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ተነጋገርን። በርጋታ ጀምረን በጩኸት ጨረስን።

ሐሳቡ ይሄ ነው። ንጋቷ ትምጣ፤ ሁላችንም በምንከራየው ቤት ገናን እንዋል፤ እማዬ ከልጅ ልጆቿ ጋር ትጫወት፤ ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት እዚያው ለሁለቱም ይነገራቸው። ሐኪም ቅርብ ይሁን። ድንኳን የለ፣ ጡሩምባ የለ፣ ደረት የሚደቃ የለ።

«ያለ ጎረቤት ልታለቅስ?» አልኩት።

«ጎረቤት ነው የሚገድላት። የዚህን አገር ልቅሶ አታውቂውም?»

«እድሩስ?»

«እድር እድር አትበይኝ። እናቴን ነው ማትረፍ የምፈልገው።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሱም እስካሁን አላለቀሰም። ማናችንም አላለቀስንም። ማን ፊት እናልቅስ?

ስለዚህ ቤት መምረጡ የኔ ሆነ። መዋኛ ለንጋቷ፣ ጸጥታ ለሳምሶን፣ ለእማዬ ምን እንደምፈልግላት አላውቅም።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ኪዳነ ማርያም የሳል መድኃኒት ሊገዙ መጡ። ሰው እስኪወጣ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በኪራይ ቤት ልታረዷት ነው አሉ» አሉኝ።

ማን ነገራቸው ብዬ አልጠየቅሁም። ሁሉም ያውቃል።

«አመተ ማርያም በዚህ ሠፈር ያላረዳችው ሰው አለ? የኔን ባለቤት መርዶ ያመጣችልኝ እሷ ናት። ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። እሷን በሌላ ሰው ግቢ፣ ማንም በሌለበት? እኛ ምን በድለን ነው?»

«ሳምሶን ነው ያለው፣ ጋሼ።»

«አንቺስ?»

መድኃኒቱን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወስዱ ነገርኳቸው። የማውቀው እሱን ብቻ ነበር።

ኅዳር 28፣ እሑድ

አንኮበር ሄድን፣ እኔና ጌታሰው። ቤቱ ተገኘ። ከጎረቤላ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ድንጋይ ቤት፣ ሰፊ ሳሎን፣ ለሁላችንም የሚበቃ መኝታ ክፍል። ዘበኛው አንዳርጌ የሚባል ጨዋ ሰው ነው። ገንዳውን በሶላር ያሞቁታል፤ እጄን ነከርኩ፣ ለብ ብሏል። የግቢውን መሐል ሙሉውን ይዞታል፣ ዙሪያው ሰው የሚተላለፍበት ብቻ ነው የቀረው።

አንዳርጌ ቅጠሉን በመረብ እየለቀመ «ልጆች ካሉ ንገሪኝ እቴ፣ ከዳሩ አልነሳም» አለ። «ጸጥ ያለ ውሃ አይታመንም።»

ከገንዳው ዳር ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ቆላው ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል፣ እስከ አፋር። ዘላለም የወረደው በዚያ ነው። ባሕሩ አይታይም፤ ዓይኔ ግን ይፈልገው ነበር። ጌታሰው «ቪው ነው ይሄ፣ ለቪው ብቻ ሰው ከአዲስ አበባ ይመጣል» ይለኛል።

ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ንጋቷ ወዲያው ደወለች፣ ልጆቹ ከኋላዋ ይጯጯኻሉ። «ፍቄ፣ በቃ ይሄ ነው። ሌላ እንዳታዪ። ዘላለም ይሄን ቢያይ ከነልብሱ ነው የሚገባ።»

«ነው» አልኩ።

ከአጥሩ ውጪ ሄጄ አስመለሰኝ። ለጌታሰው የመንገዱ ጠመዝማዛ ነው አልኩት። ሎሚ ገዛልኝ፣ ምስኪን።

ለምን አልነገርኳትም? «ንጋቷ፣ ወንድማችንን የወሰደው ውሃ ነው፣ ውሃ የሌለበት ቤት እንፈልግ» ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን መርዶ በስልክ አይነገርም። ስለማይነገር እኔ ለዘላለም እናት መዋኛ እመርጣለሁ። ይሄን ለማን ብናገረው ያምነኛል?

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

እማዬ የቤቱን ፎቶ አሳዪኝ አለች። ስልኩን ወደ ዓይኗ አቀረበች፣ አራቀች። «ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?»

«መዋኛ ነው። ለልጆቹ።»

«ዘላለም ዋና ይችላል» አለች። «ከቤሬሳ ልጆች ሁሉ የሚቀድመው እሱ ነበር።»

«ይችላል እንጂ» አልኳት፣ ፈጥኜ።

ስልኩን መለሰችልኝና ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ትዝታ ነው፤ ሽማግሌ ሰው ስለ ልጅነት ማውራት ይወዳል። ሰው ባያስታውሳት ይሻል ነበር። ፎቶውን ማሳየት አልነበረብኝም።

ታኅሣሥ 9

ሳምሶን የአንኮበሩ ቤት ይያዝ አለ። ለጌታሰው ነገርኩት። አዲሱ ፍራሽ ከነላስቲኩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ እሷ አሁንም ሰሌን ላይ ናት። በየጠዋቱ ዓይኗ ያብጣል። ጭስ ነው ትላለች። ጠብታ አምጥቼላታለሁ፣ አትጠቀምበትም።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ፣ ኪዳነ ምሕረት

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ «የምትሰበስቡኝን ቤት ልየው» አለች። ሳምሶን ለበዓሉ ዝግጅት መጥቶ ነበር፣ ደስ አለው። እንዲያውም በልቡ ቤቱን ከወደደችው ሁሉም ነገር ይቀላል ያለ መሰለኝ። በመኪናው ወሰድናት።

አንዳርጌ በሩን ከፈተልን። ሳምሶን ክፍል ክፍሉን እያስጎበኘ «ይሄ ያንቺ ነው እማዬ፣ ፀሐይ ይገባበታል» ይላታል። ራሷን እየነቀነቀች ተከተለችው። ከዚያ ወደ ግቢው ወጣች። አንዳርጌ ወንበር አመጣላት፣ አልተቀመጠችም። ገንዳውን ዞረችው። አጥሩን አየች፣ በሩን አየች፣ እንደገና ገንዳውን አየች።

«ቤቱ መልካም ነው» አለች። «ድንኳኑ የት ይተከላል?»

ሳምሶን ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

«የምን ድንኳን፣ እማዬ?» አለ ሳምሶን። «ለገና እኮ ነው።»

«ሳምሶን። ይብቃህ ልጄ። ደክመሃል።»

እሷ ናት የተቀመጠችው ወይስ እኔ፣ አላስታውስም። ድምፅዋ ግን አልተለወጠም፣ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሰው ነበር የምትናገረው።

«ከመስቀል ወዲህ ዘላለም እንዴት ነው ያለኝ ሰው የለም። ድሮ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እስክመለስ ወሬውን የማይጠይቀኝ አልነበረም። ባንዴ ሁሉም ተወው። ላሜን ይጠይቁኛል፣ ጥርሴን ይጠይቁኛል፣ ሦስቱን ልጆቼን በስም እየጠሩ ይጠይቁኛል። ዘላለም ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። እኔ ስንት መርዶ ደብቄ፣ ስንት ሰው አርድቼ ነው ያረጀሁት? የሞተ ልጅ ያላትን እናት ስለ ልጇ አይጠይቋትም። እኛም ስንደብቅ እንዲህ ነው የምናደርገው።»

ሻሿን ፈታች። ፀጉሯ የለም። ከሥሩ ተሸልቷል፤ አንዳንዱ ቦታ በቅሏል፣ አንዳንዱ ቦታ መቀሱ ያቆሰለው ጠባሳ አለ። ብቻዋን ነው የላጨችው። እኔ አጠገቧ ባለው ክፍል እየተኛሁ። ንፍሮው፣ ፍራሹ፣ ሰሌኑ ባንድ ጊዜ መጡብኝ። አርባውን ያወጣችው ለተፈናቃዮቹ ነበር፣ ቀኑን ስለማታውቅ ከመስቀል ቆጥራ። እኔ ረሳችው ብዬ እረፍት አግኝቼ ነበር።

«ለምን ዝም አልሽን?» አልኳት።

«ንጋቷ አለች አይደል? እኔ ካለቀስኩ ሠፈሩ ያለቅሳል፤ ሠፈሩ ካለቀሰ በስልክ ኖርዌይ ይደርሳል። ልጄ ባዕድ አገር ብቻዋን ትውደቅ? እስክትመጣ ነው የያዝኩት።»

ሳምሶን ጉልበቷ ሥር ወደቀ። ራሱን እየዳበሰች እኔን አየችኝ።

«ያላወቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በምን ሞተ?»

መመለስ ነበረብኝ። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ዓይኔ ውሃው ላይ ቀረ። እማዬ ዓይኔን ተከትላ ውሃውን አየች። ብዙ አየችው።

«ዋና ይችል የለ እንዴ» አለች። «ልጄ ዋና ይችል የለ እንዴ።»

«ጀልባው ተገልብጦ ነው፣ እማዬ። ባሕር ውስጥ ቀርቷል።» በአፌ ያልኩት ዛሬ ነው።

ያን ጊዜ አለቀሰች። ጮክ ብላ አይደለም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እየተወዛወዘች። አንዳርጌ መረቡን አስቀምጦ፣ ቆቡን አውልቆ፣ እኛን የማያውቀን ሰው፣ ጥግ ቆሞ አብሮን አለቀሰ። ሳምሶን የፈራው የእድሩን ልቅሶ ነበር። ከዚህኛው እሱ ይሻል ነበር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሻሿን መልሳ አሰረች። «ይሄን ቤት ተዉት» አለች። «ንጋቷ ውሃ ዳር አትሰማም። ቤቴ ትግባ፣ ትብላ፣ ትረፍ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ኪዳነ ማርያም ሰው ይዞ ይምጣ። ከገና በፊት ይሁን፤ በበዓል ከሰማች ዕድሜ ልኳን ገና አይጥማትም። እስከዚያ አንዳችሁም ፊታችሁን እንዳትለውጡብኝ።»

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

ሳምሶን ንጋቷንና ልጆቹን ከአውሮፕላን ማረፊያ ሊያመጣ ሄዷል። የእድሩ አግዳሚና ድንኳን ዘርትሁን ጓሮ ከትናንት ጀምሮ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ከኛ ደጅ አይታይም፣ ቆሜ አይቻለሁ።

እማዬ ጠራችኝ። «ሻሼን አጥብቀሽ እሰሪልኝ። ስታቅፈኝ እንዳይወልቅ።» አሰርኩላት። ጣቴ ስር ራሷ ትኩስ ነበር። የግፊት መድኃኒቷን ዋጠች፣ ሳላስታውሳት።

ማታ

መጡ። እልል ያለችው እማዬ ናት። ልጆቹን እያገላበጠች ሳመቻቸው፣ አበላቻቸው፣ ሳቀች። እኔ ወጥ ቤት ስገባ ስወጣ አመሸሁ። ንጋቷ የአንኮበሩ ቤት ቀረ ስላት ትንሽ ከፋት። ገንዳው ተበላሽቷል አልኳት። የመጨረሻው ውሸቴ እንዲሆን ነው።

ከዚያ ሻንጣዋን ፈታች። ለሁሉም አምጥታለች። ከሥር አንድ የዋና ቁምጣ አወጣች፣ ሰማያዊ፣ ወረቀቱ እንኳ ያልተነሳ። «የዘላለም ነው» አለች። «ልኩን ስለማላውቅ በግምት ነው። ይሆነዋል እማዬ?»

ሳምሶን ተነስቶ ወጣ። እማዬ ቁምጣውን ተቀብላ ወደ መብራቱ አቀረበችው፣ ወገቡን በሁለት እጇ ለጠጥ አድርጋ ለካችው።

«ልኩ ነው» አለች። አጥፋ ጉያዋ ውስጥ አደረገችው።

አሁን ሁሉም ተኝቷል። የፍራሹን ላስቲክ ቀድደን አልጋው ላይ አነጠፍነው። እማዬ ንጋቷን አቅፋ ተኝታለች፤ ንጋቷ ለምን መሬት ትተኛለሽ ብላ እንዳትጠይቃት፣ ዛሬ አልጋ ላይ ተኛች።